ከቃሊቲ እስከ አቃቂ፦ ብይን በጫፉ መለየት

ለአሮጌ ብይ ፍለጋ ከጥቅምት የሚሻል ወር የለም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጎርፍ የጠረገው መሬት ገና አልተረገጠም፣ ሣሩም ማጠር ጀምሯል። በአቃቂ በኩል ደግሞ የአፈሩ ጠባይ ያግዛል። መረሬ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ልጆች የጣሉት ብይ በስንጥቁ ይገባና ይቀበራል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር በውስጡ ያለውን ጠጣር ነገር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋዋል። ገበሬው ለቅሞ የጨረሰው ማሳ ላይ በየዓመቱ ድንጋይ የሚያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር እንዲህ አያደርግም፤ እዚያ ብይ የሚሄደው ከውሃ ጋር ነው፣ ስለዚህ የሚፈለገውም ቦዩ ከሚያልቅበት በታች ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በቀላል ባቡር ወደ ቃሊቲ ተነሣሁ። በቦርሳዬ የያዝኩት ጥቂት ነው፦ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ወፍራም ጓንት፣ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ፣ ለስላሳ ጨርቅና የወረቀት የእንቁላል ትሪ። ሃያ አዳዲስ ብዮችም ከመርካቶ ገዝቼ ይዣለሁ፤ ጥቅማቸውን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ቃሊቲ ስወርድ መጀመሪያ የገባሁት መኪና የሚቀባበት ጋራዥ ነው። የስፕሬይ ቀለም ጣሳ ሲወዘወዝ ውስጡ የሚንኳኳው ኳስ ብዙ ጊዜ የብርጭቆ ብይ ነው። ባዶ የመሰለ ጣሳ ግን በውስጡ ተቀጣጣይ ጋዝ ሊኖረው ስለሚችል አትብሱት፤ ከተቀደደ ጣሳ የወደቀውን ከመሬት ማንሳት ይበቃል። እኔ አራት አገኘሁ፣ አራቱም ጥለት የላቸውም። ሰብሳቢ ዋጋ አይሰጣቸውም፤ ለጀማሪ ግን ከእነሱ የተሻለ መማሪያ የለም። በማሽን መሠራታቸው የተረጋገጠ ስለሆነ በሌንስ ደጋግሞ ማየትና የማሽን ብይ ገጽ ምን እንደሚመስል ዓይንን ማስለመድ ነው።

የዚህ ሥራ ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ቀለሙ ያታልላል፣ ጫፉ አያታልልም። ብዩን በሁለት ጣት ይዞ በብርሃን ፊት ቀስ እያሉ ማዞር፣ መስመሮቹ የሚሰበሰቡበትን ወይም የሚቋረጡበትን ቦታ፣ ማለትም ጫፉን፣ መፈለግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ቀለም ማሰብ።

ከቃሊቲ በሚኒባስ አቃቂ ደረስኩ። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ አቃቂም ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ለብዙ ዓመታት ያለፈው በዚህ ነው። አሮጌ ነገር ፈላጊ ወደዚህ ሰፈር የሚሳበውም ለዚህ ነው፤ ነገር ግን የቦታው ታሪክ የብዩን ዕድሜ አይወስንም። ከሐዲዱ አጠገብ ያነሱት ብይ ትናንት ከኪስ የወደቀ ሊሆን ይችላል።

መሬት ላይ ሲፈለግ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ መሄድ ነው። እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ትንሿ የብርጭቆ ጉብታ ሳትቀር ታብለጨልጫለች። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ብልጭታው ይጠፋል። ክብ ነገር ተዳፋቱ በሚያልቅበት፣ ቦዩ በሚታጠፍበት በውስጠኛው በኩልና ከአጥር ሥር ይጠራቀማል። ደለሉን በሽቦው ጫር ጫር ማድረግ እንጂ በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ ምላጭና የተሰበረ ጠርሙስ አይጠፋም። የሰው ግቢ ከሆነ ማስፈቀድ ግድ ነው። የሐዲድ መደብ አይቆፈርም።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ከቦዩ 11 ለቀምኩ። ዘጠኙ የድመት ዓይን ናቸው። በጠራው ብርጭቆ መሃል እንደ ቅጠል የቆመ ባለ ቀለም ንጣፍ ያለው፣ ሁላችንም የተጫወትንበት ብይ ማለት ነው። ይህ ዓይነት ከጃፓን ወደ ዓለም ገበያ የተሰራጨው እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ወዲህ ሲሆን የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተከተሉት። ስለዚህ የድመት ዓይን ያለው ብይ «የምኒልክ ዘመን ነው» ተብሎ ቢቀርብላችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከድመት ዓይኖቹ መካከል እርስ በርስ የሚለዩበት መንገድ አለ፦ ቅጠሎቹን መቁጠርና የብርጭቆውን መደብ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ማየት። ከእስያ የመጡት ብዙ ጊዜ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ፈዛዛ አረንጓዴ ይመስላሉ።

ከትምህርት ቤት አጥር ውጪ ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። አዳዲሶቹ ብዮች የሚያስፈልጉት እዚህ ነው። ልጅ ብይ የሚፈልገው ለመምታት ነው፤ የተጫረና የተሸረፈ አይወድም። «ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ተሸርፏል፣ አይመታም» አለኝ አንዱ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። አሮጌ ስለሆነ እንደምፈልገው ነግሬው በሦስት አዲስ ለወጥን። ሳይነግሩ ከልጅ እጅ መውሰድ ነውር ነው፤ በሚቀጥለው ስትመጡም ማንም አያሳያችሁም።

ቀጥሎ የሄድኩት ቁራሌዎች የሰበሰቡትን ወደሚለዩበት ግቢ ነው። ብይ የሚገኘው ከብሎንና ከምስማር ጋር በማዳበሪያው ሥር ነው። በዝገት ስለሚሸፈን የብረት ኳስና የብርጭቆ ብይ በዓይን አይለዩም፣ ሚዛን ግን ወዲያው ይለያቸዋል። 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የብርጭቆ ብይ 5.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚያው መጠን የኩሽኔታ ብረት 17 ግራም ያህል፣ ፕላስቲክ 2.5 ግራም ያህል ነው። ብዩ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20 ግራም ከፍ ይላል። መጠኑ ጥቂት ሲጨምር ክብደቱ በብዙ ስለሚያድግ መጀመሪያ ካሊፐሩ፣ ከዚያ ሚዛኑ ይቅደም።

ያገኘሁትን ይዤ ሻይ ቤት ተቀመጥኩና በሳህን ለብ ያለ ውሃ አስመጣሁ። አጠባው ቀላል ነው፣ የሚያበላሹት ግን ብዙዎች ናቸው። ፀሐይ ላይ የዋለ ብይ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆይ። አንድ ጠብታ ላርጎና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጭቃውን ያነሣል። ነጭ የኖራ ቅርፊት ከቀረ አቼቶ ውስጥ አሥር ደቂቃ መንከር ነው፤ በረኪና ለኖራ አይሠራም። የድስት ሽቦና አሸዋ ፈጽሞ አይነካው። ሻጭ ዘይት የቀባው ብይ ካጋጠማችሁ ሳትደራደሩ እጠቡት፤ ዘይት ጭረትን ይሞላና አዲስ ያስመስላል።

አሁን ወደ ጫፎቹ። በእጅ የተሠራው ብይ አገሩ በዋናነት ጀርመን፣ በቱሪንጊያ ያለችው ላውሻ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጫፉ እንደ ጽዋ የጎደጎደ መቀስ እዚያ በሥራ ላይ ዋለ። ባለሙያው በቀለጠ ብርጭቆ ላይ ባለ ቀለም ዘንጎች ይለጥፋል፣ እያጠማዘዘ ይስበዋል፣ ከዚያ በመቀሱ ጫፉን እየቆነጠጠ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ስለዚህ መስመሮቹ ከአንዱ ጫፍ ተነሥተው እየተጠማዘዙ ሌላው ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ሻካራ ወይም የተሞረደ ጠባሳ ይቀራል። ከተሳበው ብርጭቆ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ የተቆረጠው ብቻ ባለ አንድ ጠባሳ ይሆናል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይህን ንግድ ሰበረው።

በማሽን የተሠራው ታሪኩ ከአሜሪካ ይጀምራል። በአክሮን፣ ኦሃዮ የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ ማርቲን ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1905 የማሽን ፓተንት አገኘ። ያኔ ብርጭቆውን ከእቶኑ በዘንግ የሚያወጣው ሰው ስለነበር የሚንጠባጠበው ይጠመዘዛል፤ በዚህ ምክንያት በብዩ ራስ ላይ የ9 ቁጥር የመሰለ ጥምዝ፣ ከሥሩ ደግሞ ጭራ የመሰለ የመቁረጫ ምልክት ይታያል። ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ተዛውሮ እ.ኤ.አ. እስከ 1951 የቆየው የአክሮ አጌት ፋብሪካ ደግሞ የሚታወቀው ባለ ቀለም ክሩ እንደ ቡሽ መንቀያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚዞረው ብዩ ነው። በኋላ የመጡት ማሽኖች የቀለጠውን ፈሳሽ ራሳቸው ቆርጠው ጎድጓዳ ጥርስ ባላቸው ተንከባላዮች መሃል ያሳልፉታል። የእነሱ ብይ በሁለት ተቃራኒ ቦታ አጭር የእጥፋት መስመር አለው።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ምልክት ስላየ ብቻ «የእጅ ሥራ» ይላል። የእጅ ሥራ ጠባሳ ነጥብ ነው፣ መስመሮቹም ወደ እሱ ይሄዳሉ። የማሽኑ ምልክት ቀጭን እጥፋት ነው፣ ቀለሙም እዚያ ተቆርጦ ወይም ተደርቦ ይቀራል። ሌላ የሚያሳስት ነገር ደግሞ ጨዋታ ነው። ከቁራሌው ግቢ የወሰድኩት ሰማያዊ ብይ በአንድ በኩል ሻካራና ጠፍጣፋ ነበር፤ ልቤ ዘለለ። በሌንስ ሳየው ግን ነጩ መስመር በሻካራው ቦታ አጠገብ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይሰበሰብበትም። ሲሚንቶ ላይ የተፋተገ ብይ ነው።

ጉዳትንና ከፋብሪካው የመጣን እንከን መለየትም በጥፍር ይሆናል። ከሥራው የቀረ እጥፋት ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር ያልፈዋል። ሽራፊ ግን ጥፍር ይይዛል፣ ውስጡም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ያበራል። በሌላ ብይ ሲመታ ከላዩ ሳይወጣ በውስጡ የሚቀር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ እሱ የሚታየው ብርሃኑን ከጎን ሲያደርጉት ብቻ ነው። የተሸረፈን ብይ አስሞርዶ ማብረቅ ግን አልደግፍም። ጫፉ ላይ የነበረው ጠባሳ አብሮ ስለሚጠፋ ብዩ ማን እንደሆነ የሚናገርበትን አፍ ያጣል።

የአልትራቫዮሌት ባትሪውን ጋቢ ተከናንቤ ሞከርኩት፤ ጨለማ ያስፈልጋል። ዩራኒየም ያለበት ብርጭቆ ደማቅ አረንጓዴ ያበራል፤ ማንጋኒዝ ያለበት በደካማው። ካበራ አሮጌ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የዩራኒየም ብርጭቆ ዛሬም ይሠራል። በዚያን ቀን ካየኋቸው አንድም አላበራም።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እናት ሳህኑን አይተው ገቡና የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሯቸውን አመጡልኝ። በአሮጌ የልብስ ቁልፍ መሃል አንድ ብይ ነበረች። «አባቴ ሐዲዱ ላይ ይሠራ ነበር፣ ከእሱ የቀረችኝ ናት» አሉ። በሦስት አቅጣጫ ለካኋት፦ 18.9፣ 19.2፣ 19.6 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያለ ልዩነት በማሽን ብይ ላይ እምብዛም አይታይም። ክብደቷ 9.3 ግራም። ውስጧ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ነጭ ክር አለ፣ በላዩ ቀይና አረንጓዴ መስመር እየተጠማዘዘ ሄዶ በሁለቱ ጫፎች ይገናኛል። አንዱ ጫፍ ሻካራ፣ ሌላው የተሞረደ። ሁለት ትናንሽ ግማሽ ጨረቃዎች፣ ሽራፊ የለም።

«እማማ፣ ይህቺን ለማንም እንዳይሸጡ፤ ከሸጡም በርካሽ አይስጡ» አልኳቸው።

«እኔ መች እሸጣለሁ» አሉና በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቆርቆሮው መለሷት። ከቁልፎቹ ጋር እንዳትጋጭ ከእንቁላል ትሪዬ አንድ ጉድጓድ ቆርጬ ሰጠኋቸው።

የእኔን ዕቃ ሳሰናዳ ለእያንዳንዱ ብይ ቁራጭ ወረቀት አስቀመጥኩ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ሦስቱ ልኮች፣ ክብደት፣ የጫፎቹ ሁኔታ፣ በባትሪው ማብራት አለማብራቱ፣ ከማን እንደተገኘ። ልጁ የለወጠኝ፣ ነጭ ሆኖ አንድ ሰማያዊ እድፍ የመሰለ ቀለም ያለበት ብይ የሁለት እጥፋት ምልክት ስላለው «ማሽን» ብዬ ጻፍኩ፤ በፋብሪካው ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት። የእማማንም መዘገብኳት፣ «አልተገዛችም፣ ባለቤቷ ዘንድ ናት» ብዬ፤ ቁጥሯ 23 ነው።