ሰው የለኝም

ዛሬ መጻጉዕ ነው፤ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። ጎረቤቴን እማማን በባጃጅ ይዣቸው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ይባስ ብሎ በሩ ላይ 7 ደረጃ አለ።

አራት ወጣቶች ሮጠው መጡና ከነወንበራቸው አነሷቸው። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን የእማማን ፊት አየሁት። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስንመለስ ነገሩኝ፦ «ልጆቹን ይባርካቸው። ግን እንደ ጆንያ መነሳት ያሳቅቃል ልጄ። ለዚህ ነው ከቤተ ክርስቲያን የቀረሁት።» እኔ እኮ ሕመም ጸንቶባቸው ይመስለኝ ነበር! ስንት ዓመት አጠገባቸው ስኖር አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

የዕለቱ ወንጌል ዮሐንስ 5 ነው። 38 ዓመት በሕመም የኖረው ሰው «ሰው የለኝም» ያለበት። ጌታ አስቀድሞ ጠየቀው፦ «ልትድን ትወዳለህን?» እኛ ግን ሳንጠይቅ ነው የምናነሳው። ስንት ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ቅኔ ያስተማሩባት ቤተ ክርስቲያን ናት እኮ!

ከሰዓት ከአንድ አናጺ ጋር ተመልሰን ደረጃውን ለካን። ከፍታው 1 ሜትር ገደማ ነው። ዊልቸር ያለ ጭንቅ እንዲወጣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል። ግቢው ይበቃል። ነገ ሰበካ ጉባኤውን እናነጋግራለን። እማማም አብረውን ይመጣሉ፤ መደገፊያው በየትኛው በኩል ቢሆን እንደሚሻል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።