ማስቀመጫውን ሳትገለብጡ አትግዙ

ለእህቴ ሠርግ የአበባ ማስቀመጫ የገዛሁት ቻይና፣ ናንቻንግ ከተማ ስማር ነው። ጂንግደዠን ከዚያ በባቡር ቅርብ ናት። የቻይና ነገሥታት ፖርሴሊን (ነጭና ስስ የሸክላ ዕቃ) ሲሠራባት የኖረች ከተማ ስለሆነች ምርጫው ያዞራል።

ሥዕሉ ቀላል ነው። ዓሣ ጥጋብ ነው፣ ሮማን የልጅ ብዛት፣ ኮክ ረጅም ዕድሜ። እኔ የወደድኩት አምስት ቀይ የሌሊት ወፎች በኮክ ዛፍ ዙሪያ የሚበሩበትን ነው። በቻይንኛ የሌሊት ወፍና መልካም ዕድል ድምፃቸው አንድ ነው። አምስት ሲሆኑ ደግሞ ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ መልካም ምግባርና በሰላም መሞት ማለት ነው። እናቴ ፎቶውን አይታ «ለሙሽራ የሌሊት ወፍ?» ብላ አማተበች። እሷን ማሳመን ግን ከጉምሩኩ ይሻል ነበር።

ጉዱ ያለው ከታች ነው። መቀመጫው ላይ በሰማያዊ ስድስት ፊደላት ተጽፈዋል፦ «በታላቁ ቺንግ፣ በቺያንሎንግ ዘመን የተሠራ»። ቺንግ የሥርወ መንግሥቱ ስም ነው፤ ቺያንሎንግ ከ1736 እስከ 1795 እ.ኤ.አ. የነገሠ ንጉሥ ነው። እቃው ግን ከምድጃ የወጣው በቅርቡ ነው። እዚያ የድሮ ንጉሥ ስም መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ከእሱ በፊት በነበረው በንጉሥ ካንግሺ ዘመን የነበሩ ሠሪዎችም ከ200 ዓመት በፊት የነገሠውን የቼንግኋን ስም ይጽፉ ነበር።

ይህን ለአየር ማረፊያ ፈታሽ አስረዱ እስቲ! ቻይና ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ ከአገር እንዲወጣ አትፈቅድም። ሰውየው ፊደሉን አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው። አለቃውን ጠራ። አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። ደረሰኜ ላይ «የሸክላ ዕቃ፣ አንድ» ብቻ ነው የሚለው። ዋጋውን አሳየኋቸው፤ በዚያ ዋጋ የንጉሥ ዕቃ ቀርቶ ክዳኑም አይገኝም። «እኛ ባለሙያ አይደለንም» አሉ። ባለሙያውስ? እረፍት ላይ ነው። ባለሙያ ካልሆናችሁ ታዲያ በምን ጠረጠራችሁት?

ያዳነኝ ባለሱቋ ናት። ብደውልላት የመደርደሪያዋን ፎቶ ላከች። የእኔ ማስቀመጫ መንትዮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረዋል፣ ዋጋ ተለጥፎባቸው። ትልቁ አለቃ ስልኬን አየና ሳቀ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም፣ እጁን አወናጨፈልኝ፤ ሂድ ማለቱ ነው።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «አዲስ» የሚለውንና የተሠራበትን ዓመት አስጽፉ። መደርደሪያውን እዚያው ፎቶ አንሱ። አንዳንድ ሻጭ «የጥንት ነው» የሚል ያማረ ወረቀት ይሰጣል፤ እንዳትቀበሉ፣ በራሳችሁ ላይ ማስረጃ መያዝ ነው። በሻንጣ ላኩት የሚሏችሁንም አትስሙ። እጃችሁ ላይ ካለ ቢያንስ ተከራክራችሁ ታወጡታላችሁ።