ከአንዱ ወራሽ ጋር ተፈራርሜ በሌላዋ በር ላይ የቀረሁበት የዋዳ ቀረጻ

በሕንዷ ፑኔ ከተማ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ስለ ቪዛ እድሳት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጤፍ አመጣጥ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ዋዳ ስለ መከራየት የነገረኝ ግን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ በአንዲት አሮጊት ፊት እንደዚያ አንገቴን ደፍቼ ባልቆምኩ።

ዋዳ የምዕራብ ሕንዶቹ የማራታዎች የድሮ ባለ ግቢ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ድፍን ግንብ ነው፤ ሲገቡ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ጣሪያ ወደሌለው ውስጠኛ ግቢ አዙረው ያገኟቸዋል። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ምሰሶው የቲክ እንጨት ነው። ፑኔ መሀል ያለው ሻኒዋር ዋዳ እ.ኤ.አ. በ1732 ተሠርቶ በ1828 ስለተቃጠለ ዛሬ የቀሩት ቅጥሩ፣ በሮቹና መሠረቱ ናቸው። ሰው የሚኖርበትን ዋዳ ለማየት ወደ ገጠር መውጣት ይሻላል። ከፑኔ በስተደቡብ፣ ክሪሽና ወንዝ ዳር፣ በዋይ ከተማ ዙሪያ ያሉት መንደሮች የሕንድ ፊልም ሠሪዎች የሚመላለሱባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የማስተርስ መመረቂያ ፊልሜ ስለ ማሊክ አምባር ነበር። ከእኛ አገር በባርነት ተሸጦ ዴካን ወደሚባለው የሕንድ ደቡባዊ አምባ ደረሰ፤ የአሕመድናጋር መንግሥት አድራጊ ፈጣሪ እስከ መሆን ደርሶ በማራታ ፈረሰኞች ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረውን የሙጋልን ጦር ሲያስመርር ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1626 ሞተ። አማካሪ መምህሬ ዕቅዴን አይተው፣ «እነዚህ በጥድ ቅርጽ የተጠረቡ ምሰሶዎች አምባር ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡ ናቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ምሰሶ ሳላሳይ በሩንና የድንጋዩን ግንብ ብቻ እቀርጻለሁ ብዬ ተከራከርኩ። ምሰሶውን ላለማሳየት ብሎ ዋዳ የሚከራይ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከእነዚያ መንደሮች በአንዱ ያገኘሁት ዋዳ ኪራይ በቀን 15,000 ሩፒ ነበር። ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ዘዴ ፈጠርኩ። ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ፊልሙን እቀርጻለሁ፤ በማግስቱ የ2011ን ዘመን መለወጫ የፑኔ ተማሪዎች በዚያው ግቢ እናከብራለን፤ መዋጮው ኪራዩን ይሸፍናል። የትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ በአንድ ቀን ወጣ። ካሜራ፣ ጄኔሬተርና ሚኒባስ በስልክ አለቁ። የቤቱን ውል ፑኔ ከሚኖር የቤተሰቡ ልጅ ጋር ቡና ቤት ተቀምጠን ተፈራረምን። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው። 10,000 ሩፒ ቀብድ ተቀብሎ «ቤቱ የእኛ ነው» አለኝ። «የእኛ» ሲል እነማን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጳጉሜን 5 ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አራት ሰው ጭነን ደረስን። በዋዜማው የበሬዎች በዓል ስለነበር በየደጁ ቀንዳቸው ቀለም የተቀባ፣ አንገታቸው ላይ አበባ የታሰረላቸው በሬዎች ቆመዋል። ትልቁ በር ተዘግቷል። በዋዳ በር መሀል ዲንዲ የሚሏት ትንሽ በር አለች፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገቡባትም። እሷ ተከፈተችና አንዲት አጭር፣ ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ብቅ አሉ። አስተርጓሚዬ የድምፅ ባለሙያችን ነበር፤ የማራታ ልጅ ነው። ውሉን አሳየናቸው። ወረቀቱን በእጃቸው እንኳ አልነኩትም።

«እሱ የወንድሜ ልጅ ነው። እዚህ የሚኖረው ማነው?» አሉና ዲንዲዋን ዘጉ።

ስልክ ደወልኩ። የለሰለሰው ሰውዬ ስልኩን አጥፍቷል። አራት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ጀመረ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ተኮልኩለን የጄኔሬተሩን ኪራይ በሰዓት እያሰላሁ ተቀመጥኩ። ይህ አልበቃ ብሎ አንድ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት መጣ። የት እንደምናድር ጠየቀ። ያኔ ሕንድ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ፎርም ሲ የሚባለውን መመዝገቢያ መሙላት ነበረበት። ደግነቱ ማደሪያችን ዋይ ሆቴል ነበርና ደረሰኙን አሳየሁት። እሱ ግን የአሥራ አራታችንንም ፓስፖርት አራት አራት ቅጂ ፈለገ። በመንደሩ ያለው ፎቶ ኮፒ አንድ ነው፤ መብራት ደግሞ ጠፍቷል። ያንን ቅጂ ለምን እንደፈለገው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ኋላ ስወስድለትም አላየውም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሻዩን ጠጣ።

የመንደሩ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሲከፈት የድምፅ ባለሙያችን ናሙና 8 የሚሉትን የቤቶች መዝገብ አስወጣ። በዚያ ቤት ላይ የሰባት ሰው ስም ሰፍሯል። የእኔ ፈራሚ ስድስተኛው ነው፤ አሮጊቷ ሁለተኛ። ይህች ወረቀት የምትጠይቀው ጥቂት ሩፒና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነበር። እኔ ቡና ቤት ውስጥ ካፑቺኖ እየጠጣሁ ውል ፈረምኩ። ዋዳዎች ሳይከፋፈሉ ለብዙ ወራሽ ስለሚተላለፉ ማንም ከመፈረሙ በፊት ይህን መዝገብ ይይ። ጠያቂ ሁሉ «መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አሳውቅ» ይባላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ከሚኖረው ሰው ጋር ሻይ ጠጡ፣ ፖሊሱ ይደርሳል።

እኩለ ቀን ላይ ብቻዬን፣ ጫማዬን ከደጅ አውልቄ ገባሁ። አስተርጓሚዬ ከኋላዬ ነው። «አጂ» አልኳቸው፤ በማራቲ አያት ማለት ነው። ወደ ግቢው በሚያየው በረንዳ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጸዳ ነበር፤ መስከረም 3 የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ጋኔሽ ስለሚገባ የጣዖቱ ማስቀመጫ በመሀል ክፍል ተዘጋጅቷል። ይህንንም ማንም አልነገረኝም፤ ለነገሩ የሕንድ ቀን መቁጠሪያ ስልኬ ውስጥ ነበር። የመጣነው ከየት እንደሆነ፣ የምናከብረው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘመን እንደሚለወጥልን፣ አበባ ይዘን እንደምንዘፍን ነገርኳቸው። አበባዋን ወደዷት መሰለኝ።

ከዚያ ቅድመ ሁኔታቸውን ቆጠሩ። ከበረንዳው ጀምሮ ጫማ የለም። ግቢው መሀል በድንጋይ መደብ ላይ የተተከለችውን ቱልሲ ማንም አይነካም፤ የእኛ በሶብላ የቅርብ ዘመድ ናት፣ እነሱ ግን ጠዋት ማታ የሚሰግዱላት። ሥጋና እንቁላል አይገባም።

«ሥጋ የላችሁም?»

«የለንም አጂ። ሽሮና ምስር ብቻ ነው» አልኩ።

ዶሮ ወጡን ልጆቹ ፑኔ እየሠሩ ነበር። በማግስቱ ይመጣል። ስንት የጾም ቀን ስጾም ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የጾም ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ለማን ይነገራል? ሆኖም ግማሽ ቀን ከስሮ የቆመ ጄኔሬተር ጆሮዬ ላይ ያጓራ ነበር።

ቀረጻው ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። በግቢው ክፍት ሰማይ የሚወርደው የደመና ብርሃን ከየትኛውም መብራት ይበልጣል፤ የተከራየኋቸው መብራቶች ግማሾቹ ከሳጥናቸው አልወጡም። ጄኔሬተሩን ከግንቡ ውጪ አቁሙት፤ የእንጨት ቤት ነው፣ የድሮው ሽቦ ደግሞ ሁለት መብራት አይሸከምም። ድምፅ በቀን አትቅረጹ፤ እርግቦቹ አያስቀርጹም።

መስከረም 1 ማታ ዶሮውን ከግንቡ ውጪ፣ ሚኒባሱ አጠገብ እንዲያቀርቡት አዘዝኩ። ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ሰው ሰሐኑን ይዞ፣ ጎንበስ እያለ፣ በዲንዲዋ ገባ። አየሁ፤ ዝም አልኩ። ሙዚቃውን ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ሰዓቴን እያየሁ አስጠፋሁ፤ ከዚያ በኋላ ከቤት ውጭ ድምፅ ማጉያ በመላው ሕንድ በመሠረቱ ክልክል ነውና። የመንግሥትን ሕግ እንዲህ ጠንቅቄ አከበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት የቀረውን ዕቃ ለመጫን ስመለስ አጂ ግቢው መሀል ቁጢጥ ብለው መሬቱን በእበት ይለቀልቃሉ። ልክ እንደ አያቴ፣ በመዳፋቸው፣ ግማሽ ክብ ግማሽ ክብ እየሠሩ። ከቱልሲዋ መደብ ሥር፣ ቅጠል ላይ፣ አንድ የዶሮ አጥንት ተቀምጧል። እኔ እንዳየው ትተውት ይሁን፣ ለመጣል ሰብስበውት ይሁን አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ሱሪዬን ሰብስቤ ቁጢጥ አልኩና እጄን ወደ እበቱ ዘረጋሁ። ባልዲውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ቆይተው በአገጫቸው ወደ ጉድጓዱ አመለከቱኝ። ውኃ ቀዳሁ። ሦስት ባልዲ አመላለስኩ፤ በረንዳው ላይ እያስቀመጥኩ፣ ወደ ግቢው ሳልወርድ። ቀብዱን ከወንድማቸው ልጅ አልጠየቅኩም፤ እሱም ስልኩን ያነሳው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የቀረውን ኪራይ ሊጠይቀኝ ነበር።