ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አዘዞ አብረን ያደግን ልጆች የምናወራበት ግሩፕ አንድ ቀን ጠዋት ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የሚነግረን ሰው የለም፣ አቤት የሚባልበትም በር የለም። የስንት ዓመት ፎቶ፣ የጥምቀት ቪዲዮ፣ የለቅሶ ጥሪ ሁሉ አብሮ ሄደ። በቃ የራሳችንን ሰርቨር፣ ማለትም መልእክታችንን ተቀብሎ የሚያደርስ ኮምፒውተር፣ እተክላለሁ አልኩ።

ማሽኑ ስክሪኑ የተሰበረ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ራሙ (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ማስታወሻው) 4 ጊጋ። መጀመሪያ ማትሪክስ የሚባለውን የመልእክት መለዋወጫ ሥርዓት ሞከርኩ፤ ሰው የሚበዛበት ክፍል ውስጥ ስገባ ራሙን ጥርግ አድርጎ በላው። ከዚያ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ሥርዓት፣ ወደ ኤክስኤምፒፒ ዞርኩ፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃበር ተብሎ የተጀመረው። ፕሮሶዲ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራሙ ቀላል ነው፣ አሮጌ ዕቃ አያስጨንቅም። ስልካችን ላይ ኮንቨርሴሽንስ የሚባለውን የማውሪያ መተግበሪያ ጫንን። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩን ደግሞ 12 ቮልት ባትሪ ላይ አሰርኩት።

ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ሌላ ነገር ነው። የቤቴ የኢንተርኔት መስመር የራሱ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ እንደ ቤት ቁጥር የሆነው) የለውም፣ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚጋራው ነው። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ፖርት (መግቢያ በር) ብከፍትም ባልከፍትም ከውጭ የሚመጣ ሰው ቤቴን አያገኘውም። በመጨረሻ ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ትንሽ ሰርቨር ተከራየችልኝና ዋየርጋርድ በሚባል፣ ሁለት ኮምፒውተሮችን በተመሰጠረ መስመር በሚያገናኝ ፕሮግራም ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁት። እንግዲህ እዩት፦ የራሳችን ቤት አገኘን ብለን ስንደሰት፣ ቤቱ አዘዞ፣ የግቢው በር ጀርመን! እሷ አንድ ወር ኪራይ ብትረሳ ሁላችንም ደጅ ነን።

ሰዉ ገባ፣ ወሬው ደመቀ። አንድ ማታ ዲስኩ ሞላብኝና ምን እንደበላው ስፈልግ የመልእክቱን ማህደር ከፈትኩ። እንደ ድሮው እንዳይጠፋብን ብዬ ምንም እንዳይሰርዝ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ኦሜሞ የሚባለውን፣ ባለሰርቨሩ እንኳ መልእክቱን እንዳያነብ የሚያደርገውን ምስጠራ ደግሞ አጥፍተነው ነበር፣ አንዱ ጓደኛችን በኮምፒውተር የሚገባበት ፕሮግራም አይችለውምና። የሁሉም ሰው ወሬ ፊቴ ተዘረጋ። ስለ እኔ የተወራም አለበት። ዘጋሁት፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው አልዘጋሁትም።

ይህን ለእድራችን ጸሐፊ ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የድንኳኑ ቁልፍ አንድ ሰው ጋ፣ መዝገቡ ሌላ ሰው ጋ፣ ገንዘቡ ሌላ ሰው ጋ የሚሆነው ለምን መሰለህ?» አሉኝ።

የሚዲያ ምሁሩ ማርሻል ማክሉሃን እ.ኤ.አ. በ1964 «ሚዲያው ራሱ መልእክቱ ነው» ያለውን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ያኔ ነው። የምናወራው ወሬ ድሮም ያው ነው። የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንዴት እንደታሰረ ነው። ድሮ ባለቤቱ የማናውቀው ሩቅ ሰው ነበር። አሁን ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ሰርቨሩ ሲቆም ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር «ምነው ዘጋኸው?» የምባለው።

አሁን የይለፍ ቃሉ ሁለት ሰው ጋ ነው። ማህደሩ በየወሩ ይጠረጋል። የጀርመኑን ኪራይ አዋጥተን እዚሁ ላለችው ለአክስቴ እንሰጣለን። ምስጠራውንም አበራነው። በኮምፒውተር መግባት ያቃተው ጓደኛችን እስከዛሬ ተቀይሞኛል፤ ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ቡናውን እየጠጣ ነው የሚያኮርፈኝ።