አራተኛውን ጎማ ይጨምርልሽ

ከአሜሪካ ለመጣ ሰው ደሴ የምታዘጋጀው ጥያቄ የታወቀ ነው። መቼ መጣሽ? መቼ ትመለሺያለሽ? አሁንም አላገባሽም? ዘንድሮ የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። ሻንጣዬን ከመኪና ሳላወርድ የሰፈሩ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባጃጁስ? ያዋጣል?» ይለኝ ጀመር።

መነሻው አንድ ፎቶ ነው። አምና ለእናቴ ላኩላት። ሄልሜቴን በብብቴ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ከጎኔ ባለሦስት ጎማ ሞተር ሳይክሌ አለ፣ ከኋላችን በረዶ የለበሰ ተራራ። እናቴ ደስ ብሏት ቡና ላይ አሳየች። ከአቦል እስከ በረካ ወሬው ከሸዋ በር ተነሥቶ ፒያሳ ደረሰ። ልጅቷ አሜሪካ ባጃጅ ትነዳለች።

ስድብ ቢሆን እኮ እመልስ ነበር። ሰዎቹ ግን ያዘኑልኝ ናቸው። አንዷ ጎረቤታችን እናቴን «አብሽሪ፣ ሥራ ምን ነውር አለው?» አለቻት። ሌላዋ «ዋናው ጤና ነው» ብላ ጨመረች። እናቴ የወገቤን ነገር ስለምታውቅ «ጤናውም የለ» ብላ አለቀሰች። ጎረቤቶቹም አብረው አለቀሱ። እኔ ማዶ ሆኜ ቅንጦቴን በፎቶ ስልክ፣ እዚህ ለቅሶ ይደረስልኝ ነበር ማለት ነው። የባሰው ደግሞ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ «ልጄ፣ ሦስቱን የሰጠሽ አላህ አራተኛውን ጎማ ይጨምርልሽ።» ምን ይባላል? አሚን አልኩ።

እስቲ ንብረቴን ላስተዋውቃችሁ። ካን-አም ስፓይደር አርቲ ይባላል። የካናዳ ሥራ ነው። ስፓይደር ገበያ ላይ የወጣው በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ ለረጅም መንገድ የሚሆነው አርቲ በ2010 ተከተለ። ከፊት ሁለት ጎማ፣ ከኋላ አንድ። የኔው ሞተር 1330 ሲሲ፣ ባለሦስት ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ነው። ባዶውን ከ450 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ማርሹ በጣት ይቀየራል፣ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የለውም። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን ቺንጋ ነው። አዲሱ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። እኔ የገዛሁት ያገለገለውን ነው፣ እሱንም ዕቁብ ሲደርሰኝ። የምኖርባት የዴንቨር ከተማ አበሻ ይህን ሲሰማ በአንድ ድምፅ «በዚህ ብር ኮምቦልቻ ቤት አትሠሪም ነበር?» አለ። አሁንም ይላል።

ሥራዬ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ደግሞ ማንሳት። ይህን ሥራ የሠራ አበሻ ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው የሚሄደው። ልጅ ሆኜ የአጎቴን ሞተር ቦሩ ሜዳ ላይ ሰርቄ እነዳ ነበር፤ ፍቅሩ አልለቀቀኝም። በዚህ ወገብ ግን ባለሁለት ጎማ ከባድ ሞተር ቀይ መብራት ላይ በእግሬ ደግፌ ልቁም? ስፓይደር ላይ እግር ማውረድ የለም። ቆመሽ ቡናሽን ትጠጫለሽ።

ከገዛሁ በኋላ ነው ዋናው ወጪ የመጣው። መጀመሪያ መቀመጫው። የፋብሪካው መቀመጫ ክፉ አይደለም፤ ክፉው የኔ ወገብ ነው። ለነጂ መደገፊያ ያለው በልክ የተሠራ መቀመጫ አዘዝኩ። ቁመትሽን፣ ክብደትሽን፣ የእግርሽን ርዝመት ይጠይቁሻል፤ ለሠርግ ልብስ እንኳ እንዲህ ተለክቼ አላውቅም። ቀጥሎ መሪውን ወደኔ የሚያስጠጋ ብረት አስገጠምኩ፣ ትከሻዬ ዐረፈ። ከዚያ የንፋስ መከለያው። የአርቲ መከለያ በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እኔ ሰፋና ረዘም ባለ ቀየርኩት። እግር ዘርግቶ ማሳረፊያም ጨመርኩ። እጅ ማሞቂያው አብሮት የመጣ ነው። ዴንቨር ላይ በግንቦትም በረዶ ሊጥል ስለሚችል እሱን የፈጠረውን ሰው እመርቃለሁ።

አነዳዱ ሌላ ታሪክ ነው። ባለሁለት ጎማ ሞተር ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ነጂውም አብሮት። ባለሦስት ጎማ ቀጥ ብሎ ነው የሚዞረው፤ የሚገፋው ነጂው ነው፣ ወደ ውጭ። ያልለመደ ሰው ተራራ ወጥቶ ሲመለስ ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል። ለዚህ መድኃኒቱ የፊት ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘውን ስታብላይዘር በወፍራሙ መቀየር ነው። አንዱ ጎን ሲጫን ሌላውንም አብሮ ስለሚስበው አካሉ አይንጋደድም። የፊት ጎማዎቹን አላይመንት ደግሞ በሌዘር አስለካሁ። የኋላው ጎማ የመኪና ጎማ ማለት ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘሁት ደስታ መቀመጫውም ሌላውም ያልሰጠኝ ነው። የምቾት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ትራስ ይገዛሉ፤ እኔን ብትሰሙ መጀመሪያ ስታብላይዘሩን ቀይሩ።

እዚያው ኮሎራዶ፣ የዴንቨር ግዛት ውስጥ፣ ትሬይል ሪጅ የሚባል የተራራ መንገድ አለ፤ 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል። ዛፍ እንኳ የማይበቅልበት ከፍታ ነው። ብዙው ቦታ በዳር መከለያ የለውም። አብረውኝ የሚነዱ ጡረተኞች እዚያ ሲደርሱ ይጸልያሉ። እኔ በሐረጎ ቁልቁለት፣ በአሮጌ ሚኒባስ ኮምቦልቻ ስወርድ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሹፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው መልስ ሲቆጥር ያየ ሰው በምን ይደነግጣል? ደግሞ የዴንቨር ሰዎች ከተማቸው ከፍታ ላይ ናት ብለው የማይመኩት ነገር የለም። 1,609 ሜትር ናት። ቆላ የምንላት ኮምቦልቻ እንኳ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት! ደሴን ስነግራቸውማ አያምኑኝም።

እነዚያ ጡረተኞች ራሳቸው አንድ ወግ ናቸው። ስንቆም የሚያወሩት ስለ ትራስ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ውሻ ነው። አንዱ ውሻውን መነጽር አድርጎለት ነው የሚዞረው። መንገድ ላይ ሞተረኞች ሲተላለፉ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ፤ ባህላቸው ነው። ባለሁለት ጎማዎቹ ግን አንዳንዴ እኛን ሲያዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሦስት ጎማ ሞተር አይደለም ባዮች ናቸው። እዚያ ሞተር አይደለም ተባልኩ፣ እዚህ ባጃጅ ነው ተባልኩ።

እውነቱን ለመናገር የሰፈሬ ሰው ብዙ አልራቀም። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ የጎረቤታችን ልጅ በባጃጁ ሲወስደኝ ነው። ከኋላ ተቀምጬ እጁንና እግሩን አያለሁ። መሪው እንደኔው የሞተር መሪ ነው። ፍሬኑ እንደኔው በቀኝ እግር ነው። የኋላ ማርሽ አለው፣ የኔም አለው። ልጁ ከሰፈር ሲሰማ የከረመውን ለማጣራት በመስታወት እያየኝ ጥያቄውን አወረደው።

«እትዬ፣ የርስዎ ስንት ሲሲ ነው?»

«1330።»

ፉጨት አወጣ። የሱ 200 ሲሲ አካባቢ ነው፣ ጉልበቱም ከ10 ፈረስ ብዙ አይርቅም። «ታዲያ ስንት ሰው ይጭናል?»

«ከኔ ሌላ አንድ።»

ዝም አለ። ኮብል ስቶኑን ጨርሰን አስፋልት እስክንይዝ አልተናገረም። «ከዚያ ሁሉ ጉልበት አንድ ሰው? የኔ እኮ ሦስት ይጭናል፣ ከተጠጋጉ አራት። የቀን ገቢውስ?»

«ገቢ የለውም። ለመዝናናት ነው።»

ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመና ዞሮ አየኝ። «አይ እትዬ፣ ለኔ እንኳ ይንገሩኝ። ለባለቤቱ ስንት ነው የሚያስገቡለት?»

ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ላስረዳው? ባለቤቷ እኔው ነኝ ብለው፣ እሑድ እሑድ ያለ ሰው፣ ያለ ገንዘብ፣ ተራራ ወጥቼ እመለሳለሁ ብለው፣ እብድ ናት ይላል። የሌላ ሰው ባጃጅ ይዛ ትሠራለች ቢባል ይሻለኛል። ይህ ቢያንስ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ተከራከርኩት። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ነው ያለው። ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል፣ እዚያ ጋ ደግሞ የሚይዘው ጎማ የለም። የሚገለበጠውም ለዚህ ነው። ስፓይደር ሁለቱ ጎማዎች ያሉት ልክ እዚያው ነው፤ በዚያ ላይ አንዱ ጎማ ሊነሣ ሲል ኮምፒውተሩ ቀድሞ አውቆ ጉልበት ይቀንሳል፣ ፍሬን ይይዛል። ልጁ በትዕግሥት አዳመጠኝና «እኔም እኮ ኩርባ ላይ ተሳፋሪውን ወደዚህ ጠጋ በሉ እላለሁ» አለኝ። ያለ ኮምፒውተር መሆኑ ነው።

መቀመጫውን ግን ቀናሁበት። ወይን ጠጅ ቆዳ፣ ወፍራም ስፖንጅ፣ ዙሪያውን ቢጫ ክር። ጀርባዬን ልክ መያዝ ያለበት ቦታ ያዘው። የት አሠራህ ብለው ሸዋ በር አካባቢ ያለ ታፒሴሪያ ነው አለ፤ ጠዋት ሰጥቶ ማታ ተቀብሎታል። እኔ የኔን ስጠብቅ ወቅት ተፈራርቋል! ዋጋውን ሲነግረኝ የራሴን አልነገርኩትም። ነውር ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ይህ ልጅ ባጃጁን ሊሸጥ ነው። አንድ ደላላ ካናዳ አስገባሃለሁ ብሎታል። «የርስዎ ሞተር የካናዳ አይደል? እዚያ እሠራበታለሁ» አለኝ። አሳቀኝም፣ አስደነገጠኝም። በወሎ የማያውቀው የለም፤ ስንቱ ልጅ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በየመን ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ቀርቷል። አሁን ደግሞ በአውሮፕላን የሚሸጥ ተስፋ መጣ። ቪዛ የሚሰጠው የዚያ አገር መንግሥት ሠራተኛ ነው። ማንም ደላላ «አለቀልህ፣ ክፈል» ሊል አይችልም፤ ካለ ውሸቱን ነው። እኔ የሄድኩት በዲቪ ነው፤ ዕጣ ወጣልኝ፣ ሄድኩ። ከጉብዝና አትቁጠሩልኝ። ስለዚህ የኔን ፎቶ አይታችሁ መንገድ አትምረጡ።

ፎቶው ላይ የማይታየውን ልንገራችሁ። ሞተሩ ላይ እስክቀመጥ ስንት ዓመት የሰው ሽንት ጠርጌያለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ሌሊት ፈረቃ ነኝ። ሞተሩን መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ሰርቪሱ በሰዓት ይታሰባል፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ባጃጅ በክረምት ያርፋል? ላስቲኩን አውርዶ ይሠራል። ልጁ የራሱ ባጃጅ አለው፣ ዕዳ የለበትም፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር ይበላል። ዴንቨር ውስጥ ቤታቸው የራሳቸው የሆነ፣ ዕዳ የሌለባቸው አበሾች ጥቂት ናቸው። አገር ቤት ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም፤ የቤንዚን ወረፋውን አይቻለሁ፣ የኑሮውን ውድነት እናቴ በየቀኑ ትነግረኛለች። መሄድ የፈለገ ይሂድ። በትምህርት፣ በሥራ ውል፣ በቤተሰብ፣ ወረቀቱን ራሱ አንብቦ። ግን እንጀራ የሚሰጠውን ንብረት ሸጦ፣ ደረሰኝ ለማይሰጥ ሰው አያስረክብ። ሚስቱ ሳታውቅ ደግሞ ጭራሽ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነግሬዋለሁ። እናቱም ዘንድ ሄጄ ተናግሬያለሁ፣ እሱ ተቀይሞኛል። ትናንት ሳየው ባጃጁን አልሸጠም። በኔ ምክር እንዳይመስላችሁ። የባጃጅ ዋጋ እየጨመረ ነው ብለውት፣ ትንሽ ልቆይ ብሎ ነው።