የማነጻጸሪያው ቡድን ምን በላ?

የምሠራበት ላቦራቶሪ ከሚያከናውናቸው ምርመራዎች አንዱ አንድ ኬሚካል ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ጠባይ ያለው መሆን አለመሆኑን በእንስት አይጦች ላይ መፈተሽ ነው። የእንቁላል እጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ አይጦች የራሳቸው ኢስትሮጅን እጅግ ስለሚቀንስ ማህፀናቸው ይኮማተራል። ከዚያ በኋላ የሚመረመረው ኬሚካል ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ቀናት ይሰጣቸውና ከመጨረሻው መጠን 24 ሰዓት ያህል ቆይቶ ማህፀኑ ወጥቶ ይመዘናል። ኬሚካሉ ኢስትሮጅንን የሚመስል ከሆነ ማህፀኑ ውሃ ይቋጥራል፣ ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ኬሚካሉ ያልተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን ማህፀን ግን ትንሽ እንደሆነ መቆየት አለበት። ችግራችን የተፈጠረው በዚህ ትንሽ መሆን በነበረበት ማህፀን ላይ ነው።

ደካማ የኢስትሮጅን ጠባይ አለው ተብሎ የተጠረጠረ አንድ ኬሚካል በመጀመሪያው ዙር ግልጽ ውጤት ሰጥቶ ነበር። ውጤቱን ለማረጋገጥ በተደገመው ዙር ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ታይቶ የነበረው ልዩነት ጠፋ። ጥርጣሬው በተለመደው መንገድ ሄደ፤ ኬሚካሉ በማከማቻ ውስጥ ተበላሽቶ ይሆን፣ ቀዶ ሕክምናው የእጢ ቁራጭ አስቀርቶ ይሆን፣ ማህፀኑን ያወጣው ባለሙያ ፈሳሹን አፍስሶት ይሆን ተባለ። ሁሉም ተጣርተው አንዱም አልተገኘም። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ ኬሚካሉን የወሰዱት አይጦች ከመጀመሪያው ዙር ብዙም እንዳልተለዩ፣ የተለወጠው የማነጻጸሪያው ቡድን እንደሆነ ታየ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የሙከራ መመሪያ ቁጥር 440 እጢያቸው በወጣ አይጦች ላይ የማነጻጸሪያው ቡድን ማህፀን ከሰውነት ክብደት 0.04 በመቶ ካለፈ ጉዳዩ በጥንቃቄ እንዲታይ ይመክራል። የእኛ ይህን አልፎ ነበር።

መልሱ የመጣው ከእንስሳት ክፍሉ ነው። የክፍሉ አንጋፋ ተንከባካቢ፣ ከአብዛኞቻችን በፊት ሥራ የጀመሩ ሰው፣ በእያንዳንዱ የመኖ ከረጢት ላይ ያለውን የምርት ቁጥርና ከረጢቱ የተከፈተበትን ቀን በራሳቸው መዝገብ ይይዙ ነበር፤ ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው አልነበረም። መዝገቡን ገልጠው ሁለቱ ዙሮች በተለያየ ምርት መኖ መካሄዳቸውን ካሳዩን በኋላ «ልጆቼ፣ መርፌ የምትወጉት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አበላቸዋለሁ» አሉን። በዚያ ስብሰባ የተናገርነው ሌላው ሁሉ ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለአይጦች በተለመደው የእንክብል መኖ ውስጥ ዋናው የፕሮቲን ምንጭ ብዙ ጊዜ የአኩሪ አተር ዱቄት ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ጄኒስታይንና ዳይድዚን የሚባሉ አይሶፍላቮኖች አሉት፤ እነዚህ በቅርጻቸው ከዋናው የሰውነት ኢስትሮጅን ከኢስትራዲዮል ጋር ስለሚቀራረቡ በኢስትሮጅን ተቀባዮች፣ ማለትም ሆርሞኑን በሚቀበሉ የሴል ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃሉ። በመኖው ውስጥ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ካለ ኩሜስትሮል የሚባል ሌላ የዕፅዋት ኢስትሮጅን ይጨመራል። የአይጥ አንጀት ባክቴሪያዎች ዳይድዚንን ኢኮል ወደሚባል ይበልጥ ጠንካራ ውሕድ በብቃት ይለውጡታል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ሰዎች ከሕዝቡ ከፊሉ ብቻ ስለሆኑ የአይጥን ውጤት ወደ ሰው ለማሻገር የሚሞክር ሁሉ ይህን ልዩነት ማስላት ይኖርበታል።

በመለያው ላይ የተጻፈው የፕሮቲን፣ የስብና የአሰር መቶኛ በሁለቱም ከረጢቶች አንድ ዓይነት ነበር። ብዙ መኖዎች የሚዘጋጁት የንጥረ ምግቡ መጠን ሳይለወጥ የጥሬ ዕቃው ድርሻ እንደ ገበያው ከፍ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው። ድርሻው እንኳ ባይለወጥ የአኩሪ አተሩ ዝርያ፣ የበቀለበት አየር ንብረትና የመከር ዘመኑ የአይሶፍላቮኑን መጠን ይለዋውጡታል። መኖውን በእንፋሎት ማምከንም አይሶፍላቮኑን አያጠፋውም። መመሪያ ቁጥር 440 የሚፈቅደው ጣሪያ የዕፅዋት ኢስትሮጅኑ ሁሉ በጄኒስታይን ልክ ተሰልቶ በአንድ ግራም መኖ 350 ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም የምትበላ አይጥ በዚህ ጣሪያ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም ትወስዳለች ማለት ነው፤ 250 ግራም ለምትመዝን አይጥ ይህ በኪሎግራም ክብደት ከ20 ሚሊግራም በላይ ይሆናል። በሌላ ጥናት ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ የሙከራ መጠን ሊሆን ይችል ነበር። የሁለቱ ምርቶች ናሙና ለትንተና ሲላክ የመጀመሪያው ከጣሪያው በታች፣ ሁለተኛው ከጣሪያው በላይ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱ ከመጣ በኋላም ክርክሩ አልቆመም። አንድ የሥራ ባልደረባችን አጥብቆ የያዘው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ሁሉም አይጦች የበሉት አንድ መኖ ስለሆነ የመኖው ተጽዕኖ በሁለቱም ቡድን ላይ እኩል ነው፤ እኩል የሆነ ነገር ደግሞ ሲነጻጸር ይሰረዛል። ይህ አስተሳሰብ ከብዙ ተመራማሪዎች ስለሚሰማ ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን የሚጠብቀን በቡድኖቹ መካከል ሊለያይ ከሚችለው ነገር እንጂ በሁለቱም ላይ ከተጫነው አይደለም። ማህፀን ለኢስትሮጅን የሚሰጠው ምላሽ ከመጠኑ ጋር እኩል እየጨመረ የሚሄድ ቀጥተኛ መስመር ቢሆን ኖሮ የባልደረባችን ስሌት በሠራ ነበር። ምላሹ ግን ከአንድ ደረጃ በኋላ ጣሪያ ይመታል፤ ቀለም የጠጣ ጨርቅ እንደገና ቢነከር ብዙ እንደማይጨምር ሁሉ በመኖው ኢስትሮጅን የተነቃቃ ማህፀንም ለደካማው ኬሚካል የሚያሳየው ጭማሪ ያንሳል። በዚህ ላይ አይሶፍላቮን በመጠኑና በተቀባዩ ዓይነት እየተመራ አንድ ጊዜ ኢስትሮጅንን ይመስላል፣ ሌላ ጊዜ ይቃወመዋል፤ ጄኒስታይን ለምሳሌ አልፋና ቤታ ከሚባሉት ሁለት የኢስትሮጅን ተቀባዮች ከአልፋው ይልቅ ወደ ቤታው ያደላል። ስለዚህ መኖው ልዩነቱን የሚያጠብበት ብቻ ሳይሆን የሚያዛባበትም ሁኔታ አለ። የከፋው ደግሞ «ውጤት የለውም» የሚለው ድምዳሜ ነው፤ ምክንያቱም አደገኛ የሆነውን ኬሚካል ነጻ ነው ብሎ የሚያሳልፈው እሱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ክሎቨር የሚባል የግጦሽ ተክል አንድ ዝርያ ሲግጡ የነበሩ በጎች በብዛት መፀነስ አቅቷቸው የነበረ ሲሆን፣ ምክንያቱ በግጦሹ ውስጥ ያለ አይሶፍላቮን በከርሳቸው ወደ ኢኮል መለወጡ ሆኖ ተገኝቷል። የሚጠረጠረውም መኖ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በአንድ ላቦራቶሪ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ጎጆዎች ባልተገባ ማጽጃ ታጥበው ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኢስትሮጅን መሰል ኬሚካል በማፍሰሳቸው በአይጦቹ እንቁላል ላይ የክሮሞሶም መዛባት በድንገት ጨምሮ ታይቷል። በሻገተ በቆሎ ውስጥ የሚገኘው ዚራሌኖን የሚባለው የሻጋታ መርዝም ኢስትሮጅን መሰል ነው።

ከዚያ ወዲህ የማህፀን ክብደት ምርመራው የሚካሄደው ፕሮቲኑ ከወተት ኬዚን በሆነ የተጣራ መኖ ነው። በእንደዚህ ያሉ መኖዎች ውስጥ የአኩሪ አተር ዘይት ሊኖር ቢችልም የተጣራው ዘይት ከአይሶፍላቮን ነጻ ነው ሊባል የሚችል ነው። እያንዳንዱ ምርት ለአይጦቹ ከመሰጠቱ በፊት የትንተና ወረቀቱ ይጠየቃል፣ ትንሽ ናሙናም በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ የተንከባካቢው መዝገብም የሙከራው ሰነድ አካል ሆኗል። አይጦቹ ከአቅራቢው ሲመጡ የሚጠየቀው ጥያቄም ተለውጧል፤ አይሶፍላቮን በእንግዴ ልጅና በእናት ወተት ስለሚያልፍ፣ በጽንስነትና በጡት ዘመን የተወሰደው ደግሞ የጉርምስናን ጊዜ ሊያፈጥን ስለሚችል፣ እናቲቱ የበላችውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለመራቢያ አይጦቹ የትኛው መኖ ይሻላል የሚለው ግን እስካሁን ያከራክረናል። እኔ ኬዚኑን የምደግፍ ብሆንም የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ባዶ ነው አልልም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት የዕፅዋት ኢስትሮጅን ያነሰበት መኖ የተመገቡ አይጦች ጽንሶች በደማቸው ያለው ኢስትራዲዮል ከፍ ማለቱን፣ ልጆቹም ሲያድጉ መወፈራቸውን አሳይቷል። ብዙ ትውልድ የአኩሪ አተር መኖ የበላን መንጋ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ መኖ ማዛወር ራሱ ሙከራ ነው፤ አሰሩም፣ ስቡም፣ የአንጀት ባክቴሪያውም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ለጊዜው የመራቢያ መንጋው አይሶፍላቮኑ በትንተና በታወቀ አንድ ምርት ላይ ይቆያል፤ ምርቱ ሲያልቅ ቀጣዩ ተተንትኖ ሳያልቅ ማንኛውም ርቢ አይጀመርም።