ምጣድ አይቶ ማዘዝ

የሰፈር ካፌ ቁርስ ትናንት ጥሞ ዛሬ ሲከፋ፣ ሰው ቶሎ የሚወቅሰው አብሳዩን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎ ምጣዱን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ትንሽ ካፌ ውስጥ እንቁላሉም፣ ፓንኬኩም፣ ድንቹም፣ ስጋውም የሚያልፉት በአንድ ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ነው፤ ምጣዱ ላይ የሚቆመውም አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት። ታዲያ ሁሉም የሚፈልጉት ሙቀት ለየቅል ነው። ለእንቁላል 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበቃዋል፣ ፓንኬክ ከ175 እስከ 190 ይፈልጋል፣ በርገር ደግሞ 200 ገደማ ካልደረሰ ደህና ቡናማ ቅርፊት አያወጣም። ልምድ ያለው አብሳይ ምጣዱን በልቡ ከፋፍሎ ይይዘዋል፤ አንዱን ጎን ለእንቁላል ለዘብ ያደርጋል፣ ሌላውን ለስጋ ያግላል። ካፌው ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚፈርሰው ይህ ድንበር ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው እንቁላል ነው። ነጩ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ቢጀምርም ጠንክሮ የሚይዘው ወደ 80 ሲጠጋ ነው፤ አስኳሉ ግን 65 ላይ መወፈር ጀምሮ 70 ላይ ይረጋል። አስኳሉ ሳይረጋ ነጩ የበሰለ እንቁላል ማግኘት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። የገባው አብሳይ እንቁላሉ አጠገብ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጎ በክዳን ይደፍነዋል፤ እንፋሎቱ በአንድ ደቂቃ ገደማ የላዩን ነጭ ያረጋዋል፣ አስኳሉም ሳይደርቅ ይተርፋል። ምጣዱ ከልክ በላይ ከጋለ ግን ታቹ ደርቆ ጫፉ ይቃጠላል፣ ላዩ ጥሬውን ይቀራል። የእንቁላሉ ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ እንቁላል ነጩ ሰብሰብ ብሎ ይቀመጣል፣ የቆየው ግን ምጣዱ ላይ ይንጣለላል። ለቅቅል ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅርፊቱ ሳይቦጫጭቀው የሚላጠው ትንሽ የቆየው ነው።

እንቁላል ፍርፍር ቀላል ይመስላል፣ የሚበላሸው ግን ከሁሉ በብዛት ነው። ከምጣዱ መነሳት ያለበት ገና እርጥበቱ ሲያብለጨልጭ ነው፤ በያዘው ሙቀት ሳህን ላይም መብሰሉን ይቀጥላልና። አብሳዩ «በደንብ ይብሰል» ብሎ ከጠበቀ ፕሮቲኑ ይጨማደድና የያዘውን ውሃ ይተፋል። ሳህኑ ላይ እንቁላሉን ከቦ ቢጫ ውሃ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ወተት ስለበዛበት ነው የሚሉም አሉ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። አረንጓዴ ቢጤ ቀለም ካለው ደግሞ ተሠርቶ ሙቅ ዕቃ ላይ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ የነጩ ድኝና የአስኳሉ ብረት ተዋህደው የሚያወጡት ቀለም ነው። አይጎዳም፣ ግን ለእርስዎ ተብሎ እንዳልተሠራ ይናገራል።

ካፌ የሚመዘነው በእንቁላል ነው ሲባል እሰማለሁ። እንደኔ በድንቹ ነው፤ ድንች የዋዜማውን ሥራ ያጋልጣል። ጥሩ የቁርስ ድንች ከአንድ ቀን በፊት ተቀቅሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ነው። ሲያድር ላዩ ይደርቃል፣ ስታርቹም ጠንከር ስለሚል ሲጠበስ አይፈርስም። እርጥብ ድንች ምጣድ ላይ ሲያርፍ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ላዩ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ቡናማው ቅርፊት የሚመጣው ግን ከ140 በላይ ነው። ስለዚህ ሳስቶ መዘርጋት፣ ከዚያም ለ4 ወይም ለ5 ደቂቃ ሳይነካ መተው አለበት። በየሠላሳ ሴኮንዱ የሚያገላብጥ እጅ ቅርፊቱን ከመያዙ በፊት ይገፈዋል። ከማለዳ ጀምሮ የምጣዱ ጥግ ላይ የተከመረ ድንች ደግሞ በራሱ እንፋሎት ይላቁጣል። «ሳሳ ተደርጎ ይጠበስልኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ 5 ደቂቃ ያስጠብቃል፣ ግን ያዋጣል።

ፓንኬክ በማለዳ የሚሻልበት ምክንያት ሊጡ ነው። ለ250 ግራም ዱቄት 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 2 እንቁላልና 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት ይገባል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ ለሰዓታት ሲቆም ግን የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ጨርሶ ስለሚወጣ ከምጣዱ የሚነሳው ጠፍጣፋና ላስቲክ የሚመስል ነገር ይሆናል። የሊጡን ጓሎች ለማጥፋት አጥብቆ የሚመታ ሰውም እዚያው ውጤት ላይ ይደርሳል፤ ግሉተን የሚባለው የዱቄቱ ፕሮቲን ይጠነክራልና። ጥቃቅን ጓሎች ሊጡ ውስጥ ይቆዩ። የሚገለበጠው ላዩ ላይ የወጡት አረፋዎች ፈንድተው ቀዳዳቸው ክፍት ሲቀርና ዳሩ ሲደርቅ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በመገልበጫ ተጭኖ ማሳሳት ግን ወንጀል ነው።

ቡናውን በአጭሩ። በማጣሪያ ለሚወርድ ቡና 1 ሊትር ውሃ ከ55 እስከ 60 ግራም ቡና ይፈልጋል፤ የውሃው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ። የጋለ ብረት ላይ የተቀመጠ ቡና ግማሽ ሰዓት ካለፈው ይመራል፣ ቴርሞስ ውስጥ የተገለበጠ ይሻላል። ወተት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ 70 ካለፈ የተቀቀለ ወተት ይሸታል። «በጣም ትኩስ ይሁን» ብሎ ያዘዘ ሰው በኋላ ጣዕሙን ባይወቅስ ጥሩ ነው።

ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ምጣዱ ይቀየራል። አብሳዩ ፍርፋሪውን ፍቆ፣ ዘይቱን ጠርጎ፣ ሙቀቱን ለምሳ ያወጣዋል። በዚህ ሰዓት የታዘዘ እንቁላል በስጋ ሙቀት ይጠበሳል፤ ለምሳ የቸኮለ በርገርም ገና ባልጋለ ምጣድ ላይ ያርፍና ቅርፊት ከማውጣቱ በፊት ጭማቂውን ያፈሳል። አብረው የተቀመጡ ሰዎች ከፊሉ ቁርስ ከፊሉ ምሳ ሲያዙ ደግሞ ይብሳል። ድንቹ 8 ደቂቃ ገደማ፣ የተፈጨው ስጋ ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ እንደ ውፍረቱ ከ6 እስከ 10፣ እንቁላሉ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ደህና አብሳይ እንቁላሉን መጨረሻ ላይ ይሰብራል፤ የተዋከበው ሁሉንም እኩል ይጀምርና እንቁላሉ ሌላውን ሲጠብቅ ይደርቃል። «ሽንኩርት አይግባ» ዓይነት ለውጥም ከትእዛዙ ጋር አብሮ ይነገር፤ ወረቀቱ ወጥ ቤት ከገባ በኋላ የሚላክ ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ አይደርስም። አለርጂ ያለበት ሰው ግን «አይግባ» ማለቱ አይበቃውም። የእንቁላል፣ የወተትና የስንዴ ቅሪት አንድ ምጣድና አንድ መገልበጫ ላይ ስለሚገናኝ፣ ምግቡ በተለየ መጥበሻ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ምሳ ላይ ሾርባ አስተማማኝ ይመስላል፣ ሰዓት ግን ይቆጥራል። ሲሞቅ 74 ዲግሪ ደርሶ፣ ከዚያ ከ60 በላይ መቆየት አለበት፤ ለብ ያለ ሾርባ ከመጣ ሳያፍሩ መመለስ ነው። ሙቅ ዕቃ ላይ ሲውል ውሃው እየተነነ ጨው ይበዛበታል፤ በ6 ሰዓት ልክ የነበረው በ9 ሰዓት ሊያስጠማ ይችላል። ክሬም ያለው ሾርባ ከታች ስለሚያር ደግሞ አስቀድሞ ቢታዘዝ ነው የሚሻለው።

ሳንድዊች የሚሞተው በውሃ ነው። ቲማቲሙ ተቆርጦ ጨው ነክቶት 5 ደቂቃ ካልጠነፈፈ፣ ሰላጣው ከታጠበ በኋላ ካልደረቀ፣ ዳቦው ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ ይርሳል። ማዮኔዙ ወይም የገበታ ቅቤው እስከ ዳር ድረስ መቀባቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ውሃው ወደ ዳቦው እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ቶስትም ትኩሱን ሳህን ላይ ከተነጠፈ ታቹ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፤ ተደግፎ ቢቆም እንደደረቀ ይቆያል። የድንች ጥብሱ ዘይት ከጠቆረ፣ ከሚገባው በላይ አረፋ ካወጣና የዓሣ ሽታ ካመጣ ዕድሜው አልፏል። ዘይቱ ደህና ሆኖ ድንቹ ዘይት ከጠጣ ግን ባንድ ጊዜ ብዙ ተጨምሮ ሙቀቱ ከ175 ወርዷል ማለት ነው።

ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አብሳዩ ምጣዱ ላይ ውሃ እያፈሰሰ መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ለአንድ በርገር ብሎ እንደገና ማጋል ጊዜ ይወስዳል፤ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ገርጥቶ ነው። አስተናጋጁን «ምጣዱ ገና አልታጠበም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከታጠበ ምጣድ የማይነካ ነገር ማዘዝ ነው፤ ቀዝቃዛ ሳንድዊች ወይም ሰላጣ። ሾርባውን እንኳ እንጃ፤ በዚያ ሰዓት የድስቱ ታች ላይ የቀረው ጨዋማው ነው።